ስለ ፕላስቲኩ ሣርና ስለ አርብ ወረቀታችን

ግንቦት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለክቡር ኡስታዝ ሳዲቅ
የወንዝ ዳር ስታዲየም ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካርቱም

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? በተለይ ደግሞ ውስጥ እግርዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ባለፈው ሳምንት አዲሱን ሰው ሠራሽ ሜዳ ለጋዜጠኞች ሲያስጎበኙ በቀትር ፀሐይ መሐል ሜዳ ላይ ቆመው መግለጫ መስጠት እንደጀመሩና መግለጫውን ሳይጨርሱ ወደ ጥላው በፍጥነት እንደተራመዱ ስለሰማን ነው። እኛ፣ ለእርስዎ ከመጨነቃችን በቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ስሜ ሁስና ይባላል። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ካርቱም ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ሲሆን ቡሪ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኝነት እሠራለሁ። ይህን የምጽፍልዎ በራሴና አርብ አርብ ከስታዲየምዎ ሜዳ ላይ አረም ሲነቅሉ በኖሩ አሥራ ስድስት እህቶቼ ስም ነው። ደብዳቤው በአማርኛ በመሆኑ እንዳይቀየሙን እለምናለሁ፤ ዐረብኛ እንናገራለን እንጂ አንጽፍም። ደግሞም በካርቱም አማርኛ የሚነበበው በወጥ ቤት በኩል ስለሆነ፣ ጀብራ ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ ግድግዳ ላይ ስንለጥፈው በሦስት ቀን ውስጥ የከተማው ትልልቅ ቤቶች ሁሉ እንደሚሰሙት እርግጠኞች ነን። የእርስዎም ቤት ትልቅ ቤት ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የድሮው ሣር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ክፉ ጠላት ነበረው፤ እርሱም እኛ እንግጫ የምንለው ነው። እንግጫን ማሽን ያጭደዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ሥሩ ላይ ያለችው ፍሬ መሬት ውስጥ ከቀረች በሳምንቱ ሦስት ሆና ትወጣለች። ሣሩን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሳደጉት ጎጃሜው ጋሽ አያሌው ከሰባት ዓመት በፊት መላ ሲያጡ፣ ጣቱን ሥሩ ድረስ አስገብቶ መንቀል የሚችል ሰው ፈልገው እኛን አገኙ። አገር ቤት ልጃገረዶች በዓመት አንድ ቀን እየዘፈኑ የሚነቅሉትን እንግጫ እኛ ካርቱም ውስጥ በዓመት ከአርባ ጊዜ በላይ ነቅለናል። ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ አርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተንበርክከን እንነቅላለን፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ ኳስ እንጫወታለን።

ለዚህም ክለብዎ በየዓመቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሰጠን ነበር፤ የእነዚህ ሴቶች ሥራ ለስታዲየሙ አስፈላጊ ስለሆነ አርብ ጠዋት እንዲለቀቁ የሚል። አርብ እንግዳ የሚበዛበት ቀን ነውና ሠራተኛዋን በገዛ ፈቃዷ የምትለቅ መዳም እስካሁን አልገጠመችንም። የመዳሞቹ ባሎች ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የክለብዎ ደጋፊዎች ናቸው፤ ማኅተሙን ሲያዩ ኸላስ፣ በቃ፣ ለክለቡ ከሆነ ትሂድ ይላሉ። በሳምንት ውስጥ የራሳችን የምንለው ጊዜ ያገኘነው በማንም ቸርነት ሳይሆን በዚህ ክብ ማኅተም ነው፤ እኛም የአርብ ወረቀት እንለዋለን።

በረመዳን ወር እንደ ልማዳችን አልመጣንም። ከዒድ በኋላ በመጀመሪያው አርብ ስንመጣ ሣሩ አምሮ፣ ወፍሮ፣ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። ጎንበስ ብለን ስናየው ግን ከሥር ከሥሩ ቡናማ የሆነ፣ የተጠቀለለና የደረቀ ነገር ሞልቶበታል። ጋሽ አያሌው ብቻቸውን ሆነው ሣሩ ታሞባቸዋል ብለን ከልባችን አዘንን፤ ወዲያውም በሰሜኑ ግብ ፊት ለፊት ተንበርክከን መንቀል ጀመርን። እርግጥ ነው፣ ግብ ጠባቂያችን ኒዕማ ይህ ሣር ምንም አይሸትም ብላ ነበር፤ እኛ ግን ወር ሙሉ ያልጸዳ ሣር ምን ሊሸት ኖሯል ብለን ዝም አሰኘናት። ሥሩም እምቢ አለን። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ልበ ደረቅ እንግጫ አይተን ስለማናውቅ ሁለት ሁለት እየሆንን ጎተትነው፤ በዚህ መካከል ሜዳው በስፌቱ በኩል ተተርትሮ እንደ ምንጣፍ ተነሣ።

ጋሽ አያሌው የደረሱት ይኼኔ ነው። ፕላስቲኩን በእጃችን ይዘን ሲያዩን መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እንባው ግን አላቆመም። በማግስቱም የክቡርነትዎ ደብዳቤ ደረሰን፤ ሆን ብለን የክለቡን ንብረት እንዳበላሸንና ሰው ሠራሽ ሜዳ አረም ስለማያበቅል አገልግሎታችን ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ፣ የአርቡም ወረቀት መሰረዙን ይገልጻል። ለዚህ ፈጣን ምላሽዎ ያለንን አድናቆት እየገለጽን፣ ቅሬታዎቻችንን እንደሚከተለው በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ሆን ብለው የሚለውን ቃል በተመለከተ። ጋሽ አያሌው እንዳስረዱን የፋብሪካው ሰዎች ያንን ቡናማ ክር ከሥር የጨመሩት ሣሩ እውነተኛ እንዲመስል ነው። ሰው እንዲታለልበት ታስቦ በተሠራ ነገር ሰው ቢታለል፣ ፋብሪካው ሊደሰት ይገባዋል እንጂ እኛ ልንከሰስ የሚገባን አይመስለንም። ክቡርነትዎ ከፈቀዱ አሥራ ስድስት እንግጫ ነቃዮች አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳይለዩት እንደቀሩ የሚገልጽ የምስክርነት ቃል ፈርመን እንሰጣለን፤ ለማስታወቂያ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛ፤ ሣሩ የተነሣው ውኃ ለመቆጠብ ነው ተብሏል። ወንዙ ከስታዲየሙ አጥር ሦስት መቶ እርምጃ የማይሞላ ቢሆንም ቁጠባ መልካም ነገር ነው፤ እኛም ለቤት ሠራተኝነት ሲያሠለጥኑን የመጀመሪያው ትምህርት እርሱ ነበር። የሚገርመን አሁን ከጨዋታ በፊት አንድ ቦጤ፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ ሌላ ቦጤ ውኃ ፕላስቲኩ እንዲበርድ ተብሎ መደፋቱ ነው። ሣር ሲጠጣ ቢያንስ ያድግበት ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ደግሞ ተጫዋቾቻችሁ ኳሱ ራቅ ባለ ቁጥር እየሮጡ ነጩ መስመር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ነጩ የአረንጓዴውን ያህል እንደማያቃጥል የደረሱበት በአሥረኛው ደቂቃ ነው። የቀኝ ተከላካዩ ኳስ ለማስጣል ተንሸራትቶ የተነሣው ግማሽ የጭኑን ቆዳ ትቶ ነው። ለአዲሱ ሜዳ ያደረገውን አስተዋጽኦ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው ያነሣሁት።

ሦስተኛ፤ በፕላስቲኩ መሐል የሚበተነው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ አለ። ሐቡብ በተነሣ ቁጥር፣ ይህ የአቧራ ማዕበል ደግሞ በዚህ ወቅት እንግዳችን አይደለም፣ ፍርፋሪው አጥሩን ዘልሎ ቡሪ ይገባል። ከአሠሪዬ ሳሎን፣ ከመጋረጃው እጥፋት፣ አንድ ጊዜም ከሩዙ ውስጥ ለቅሜዋለሁ። እስካሁን ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ ሞልቶልኛል። ሜዳው አገልግሎታችንን አይፈልግም የሚለው አባባልዎ እንግዲህ በከፊል ትክክል ነው፤ ሜዳውን ማጽዳት አልቀረልንም፣ የቀረብን ሜዳው ላይ መቆም ብቻ ነው።

አራተኛውን ቅሬታ ለማንሣት ድፍረት አንሶኝ ነበር፤ ነገር ግን ከቅሬታ ይልቅ ምስጋና ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ሣራችን አልሞተም። በረመዳን ውስጥ እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ ካርቱም ሁለት በተባለው ሰፈር ወደሚገኘው መኖሪያ ቤትዎ ግቢ መወሰዱን፣ የተከሉትም ጋሽ አያሌው ራሳቸው መሆናቸውን አረጋግጠናል። ያን አርብ አርፍደው የደረሱትና ፕላስቲክ መሆኑን በጊዜ ሊነግሩን ያልቻሉት የእርስዎን ግቢ ሲያጠጡ ስለነበሩ ነው። ከሎሚው ዛፍ ሥር ባለው ቁራጭ ላይ የኖራው ነጭ መስመር ገና እንዳልለቀቀ ሰምተናል። ለሕዝብ ፕላስቲክ፣ ለቤት ደግሞ ሣር የሚመርጥ መሪ የሁለቱን ልዩነት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነውና ስለ ዕውቀትዎ ምንም ጥርጣሬ የለንም።

አሁን ሣሩን የምታጠጣው ደግሞ የቤትዎ ወጥ ሠሪ ጸሐይወርቅ ናት፤ ያን አርብ የዒድ እንግዳ ይዟት ባትቀር ኖሮ እርስዋም ትነግረን ነበር። ጸሐይወርቅን እርስዎ በወጧ ያውቋታል፤ እኛ ግን የምናውቃት በግራ እግሯ ነው፣ ካገባናቸው ጎሎች እኩሌታውን ያገባችው እርስዋ ናት። ሣሩ ለሳምንታት ሳይታረም ስለተጓዘ እንግጫው አብሮት መጥቷል፤ ባለቤትዎም ጸሐይወርቅ ነቀላ እንደምትችል ሲያውቁ ሥራውን ለእርስዋ ሰጥተዋታል። የአርቡ ወረቀት ተሰርዟልና መውጣት አትችልም። ስለዚህ አርብ ጠዋት፣ ያንኑ ሣር፣ በዚያው ሰዓት፣ ብቻዋን ተንበርክካ ትነቅላለች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ቁርስ ለማቅረብ ትነሣለች እንጂ ኳስ የሚያቀብላት የለም። ክቡርነትዎ ከስምምነቱ ውስጥ ሥራውን አቆይተው ጨዋታውን ብቻ የሰረዙበት ጥበብ፣ እውነቱን ልናገር፣ አበሳጭቶኛል።

ደግሞ ፕላስቲኩ ምንም በጎ ነገር የለውም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ዝናብ ሲመጣ የድሮው ሜዳ ኩሬ ይሆን ነበር፤ አምና ነሐሴ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓታችን በቀኝ ክንፍ በኩል እንቁራሪት ስናባርር አልቋል። ጋሽ አያሌው እንኳ ሣሩን እንደዚያ እየወደዱት በክረምት ይረግሙት ነበር። ፕላስቲኩ ውኃ ያሳልፋል፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ መልክ አለው፣ በቴሌቪዥንም ያምራል፤ አሠሪዬ ሲያዩት ማሻአላህ፣ ልክ እንደ አውሮፓ ብለዋል። ከሶፋ ላይ ሲታይ በእርግጥም ምንም ጉድለት የለውም።

ስለዚህ ሣሩን መልሱልን አንልም። ግቢዎ ውስጥ ይደግ፣ ሎሚውም ይደሰትበት። የምንለምነው ወረቀቱን ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ ሜዳ ሰው አይፈልግም ያሉዎት ሰዎች አሳስተውዎታል፤ የተኛው ክር በየሳምንቱ በመጥረጊያ መነሣት አለበት፣ የተበተነው ፍርፋሪ ተለቅሞ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፣ የተተረተረው ስፌትም ይሰፋል፣ ከመካከላችን መርፌ የማታውቅ የለችም። ይህን ሁሉ ተንበርክከን እንሠራለን። በምትኩ በዚያ በሚያቃጥል ነገር ላይ፣ በባዶ እግርም ቢሆን፣ አንድ ሰዓት እንጫወት።

ይህች አንድ ሰዓት ለምን ይህን ያህል ወረቀት እንዳስፈጀችኝ ይገርምዎት ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ስሜ የሚጠራው አንድ ነገር እንዳመጣ ነው፤ ሁስና ውኃ፣ ሁስና ሻይ፣ ሁስና በሩን። አርብ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ግን ስሜ የሚጠራው ኳስ እንድቀበል ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህች ሰዓት የሚበልጥ ነገር ካርቱም አልሰጠችኝም፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። አሥራ ስድስቱም እህቶቼ ቢጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው። ማኅተሙን ለማሳረፍ የሚፈጅብዎት ጊዜ ደግሞ አንድ ፍሬ ቴምር ከመብላት አይበልጥም።

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋታቸው ጋሽ አያሌውን የሰው ሠራሽ ሜዳ ቴክኒሺያን የሚል ማዕረግና አንድ ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ ስለሸለሙልን፣ ያላበላሸነውንም ያበላሸነውንም በእኩል ዓይን አይተው በአንድ ደብዳቤ ስላሰናበቱን፣ ለወጣቶቻችሁ ጭንና ለቡሪ ሳሎኖች ስላደረጉት ሁሉ የሚሰማንን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽን፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ግቢዎን ያለምልምልን፣ በሚቀጥለው መግለጫዎ ወቅትም ወፍራም ጫማ ያድርግልዎ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይነጥፍ ተስፋ ጋር፣
ሁስና፣ የመሐል ሜዳ ተጫዋች፣
በአሥራ ሰባቱ የቀድሞ አስፈላጊ ሴቶች ስም

ማስታወሻ፤ ጸሐይወርቅ እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ለጌቶችሽ የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ እስካሁን አንድም ቃል ሳትቀንሺ እንዳስረዳሻቸውም አልጠራጠርም። ከዚህ በታች ያለውን ግን አትተርጉሚው፤ ደብዳቤው አልቋል በያቸው። አርብ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስታዲየሙ በር ላይ ነን፤ ወረቀቱ ቢመጣም ባይመጣም ሁላችንም እንወጣለን፣ ማልናል። አንቺም ነይ። እስከዚያው ሣሩን በደንብ አጠጪው፣ እንግጫውን ግን እንዳትነኪው።