የሽርጡ ገመድ

ለውድ ወንድምዓለሜ ዜያ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ማሽኑ የቆረጠህ ጣት ዳነልህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ብል እጄ እምቢ አለኝ። እማዬና እኔ በሕይወት አለን። ታናሻችንን ዉናን ግን ገደሉብን። ይኸው፣ ዳር ዳር ሳልል ነገርኩህ።

ወታደሮቹ የመጡት ጠዋት ነው፣ መነኮሳቱ ምጽዋት ተቀብለው ሲመለሱ። ዉናን ጫካ ገብተው ለሚዋጓቸው ልጆች ሩዝ ያደርሳል ብለው ነው የሚፈልጉት። አዎ፣ ያደርስ ነበር። እኛ ሴቶቹ ሽርጦቻችንን ገመድ ላይ ሰክተን በመንደሩ መግቢያ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋን። ታውቃቸው የለ? ሰው መግደል የማይሰቀጥጣቸው ከሴት ሽርጥ ስር ማለፍ ይሰቀጥጣቸዋል፣ ግርማችን ይገፈፋል ብለው። አክስታችን ዶ ኚን "ኑ እንጂ፣ ጀግኖች! ሽርጥ እኮ ነው፣ ቦምብ አይደለም!" እያለች ታሾፍባቸው ጀመር። እውነትም ቆሙ። እኛም በሳቅ ፈነዳን። ምነው ባልሳቅን!

መንደሩን ዞረው በገዳሙ በኩል ገቡ። መኮንናቸው ለገዳሙ አለቃ ለአባ ኩንዳላ መጀመሪያ ሦስቴ ሰገደላቸው። እዚያ የሸሸጉትን ዉናን አልሰጥም ሲሉት ደግሞ ተነስቶ በጠመንጃ ሰደፍ ጥርሳቸውን አረገፈው። አስራ አንድ ቤት አቃጠሉ። የዶ ኚን ዓይነ ስውር ባል ከነአልጋው ተቃጠለ።

ዉና ከገዳሙ ጓሮ ወጥቶ ወደ መግቢያው ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው። ገመዱ ግን እንደተዘረጋ ነበር፤ ማውረዱ ትዝ ያለው ሰው የለም። ከመሀል የተሰቀለው የእኔ አረንጓዴ ሽርጥ ነው። "ዝቅ ብለህ እለፍ! እለፍ አንተ ልጅ!" ብዬ ጮህኩ። ቆመ፣ ዜያ። ጥይት እየተከተለው ቆመ። የሴት ልብስ ከተሰጣበት ስር እንዳታልፍ እያልን ያሳደግነው እኛ አይደለን? በአጥሩ ጥግ መሹለኪያ ሲፈልግ ጀርባውን መቱት።

ሽርጤን ከገመዱ ላይ ቦጭቄ ቁስሉን ላስርለት ስል፣ በዚያ ሁሉ ደም መሀል፣ "እቴ፣ የቀረችኝንም ግርማ ልትጨርሺያት ነው?" አለና ፈገግ አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

እነዚያ ውሾች እጄ ቢገቡ በጥርሴ እዘነጣጥላቸዋለሁ። አትግደል የሚለውን ሕግ ጠዋት ማታ የምደግም ሴት ይህን ስጽፍ አላፍርም። ገመዱን ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን ካንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ነፍሱ ሰባት ቀን ቤቷን ታያለች አይደል? እማዬ ሰባቱን ቀን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ አንድም የሴት ልብስ እንዳይሰጣ ከለከለች። ልጄ ሲመጣ ደጅ ላይ እንዳይቆም ብላ ነው። እርጥብ እየለበስን ሰነበትን።

ዶ ኚን ሰላም ትልሃለች፤ ማሾፉን ትታለች። አባ ኩንዳላ ጥርስ በሌለው አፋቸው መርቀውሃል። ባለቤትህን እቀፍልኝ፣ ትንሿን ሳምልኝ። እማዬ ደግሞ ይህን ብቻ ጻፊለት ብላኛለች፦ አገርህ የገባህ ቀን ሽርጥ ተሰቅሎ ብታይ፣ የእኔም ይሁን የማንም፣ እንዳትቆም። ከስሩ ሩጥ፣ ልጄ።

እህትህ ቲሪ
ማጂኮን መንደር፣ ሳጋይንግ
በውሃው በዓል ዋዜማ፣ 2022 እ.ኤ.አ.