ሜትሩ ለአማትም ይቆጥራል

የካቲት 3
የዛሬ ሥራ፦ 1. የኋላ ጎማ ማስነፋት። 2. የትንሿ ልጄን ጫማ ማሰፋት። 3. አማቴን ከነስፌት መኪናቸው አዲሱ ቤታቸው ማድረስ።
እሳቸውንም ሜትር ከፍቼ ነው የምወስደው። ታክሲው የድርጅቱ ነው... ደንብ ደንብ ነው። እንደ ልማዳቸው ከፍለው ያኮርፋሉ። ምን ላድርግ?

የካቲት 5
በግራ እጄ ነው የምጽፈው። የስፌት መኪናዋን ከታክሲው ሳወርድ አዳለጠኝና ቀኝ ክንዴ ተሰበረ። መኪናዋ ደህና ናት። አማቴ ቀድመው ያዩት እሷን ነው።

የካቲት 14
የኢንሹራንሱ ሰውዬ ካሳ የለህም አለኝ። የቤተሰብ ዕቃ ስታግዝ እንጂ ሥራ ላይ አልተሰበርክም ነው የሚለው። አማቴ ከፍለውኛል ብዬ ብነግረው ሳቀ።
"አማቱን የሚያስከፍል ሰው የት አለ? እስቲ ይምጡና ራሳቸው ይናገሩ።"
የሚያሰጉኝ፦ 1. የቤት ኪራይ። 2. የትንሿ ትምህርት ቤት። 3. አማቴ። ለሰፈሩ ሁሉ "አማቼ በነፃ ነው የሚያንሸራሽረኝ" ብለው አውርተዋል...

የካቲት 15
እንዲመሰክሩልኝ ትለምናቸው ብዬ ባለቤቴን ላክኋት። እናቷ ሻይ አጠጥተው ሸኟት፤ እሺም እምቢም አላሉ። ጥሩ ነው? መጥፎ?

የካቲት 19
ኢንሹራንሱ ቢሮ መጡ። መንገዱ ይጠፋኛል ብለው ጎረቤታቸውን አስከትለው... ያውም ወሬኛዋን።
ሰውዬው እውነት ከፍለዋል ወይ ሲላቸው ጎረቤትየዋን አዩ። የታሰረ ክንዴን አዩ። ከዚያ ወረዱብኝ።
"ይሄ ገብጋባ! ልጄን ከዳርኩለት ጀምሮ አንድ ቀን ምሮኝ አያውቅም። መጀመሪያ ሜትሩን ይከፍታል፣ ከዚያ ነው ደህና አደሩ የሚለኝ።"
ጎረቤትየዋ አፏን ያዘች። ሰውዬው ሳቁን እየዋጠ ጻፈ። ስሰደብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።
ስንወጣ "እንግዲህ በየትኛው ፊቴ ሰፈር እገባለሁ?" አሉኝ። ይቅርታ ልል ስል ጤነኛውን ክንዴን ተደግፈው ደረጃውን ወረዱ።

መጋቢት 2
ተፈቀደ። ሕክምናውም፣ ሥራ የፈታሁበት ደሞዝም። ትንሿ ጄሶዬ ላይ ሜትር ሣለችበት።

ሚያዝያ 8
ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። ዝርዝሬ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አማቴን በነፃ... ለድርጅቱ እኔው ልከፍል።
ጧት ደጃቸው ቆምኩ። ገቡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ። ሜትሩን ሳልነካ ነዳሁ።
"አቁም" አሉኝ።
አቆምኩ። እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸው ከፈቱት።
"ንዳ ገብጋባዬ። ዛሬም ብትሰበርስ?"
ስንሳሳቅ መታጠፊያውን አለፍኩት። የዞርክበትንማ አልከፍልም አሉ።