ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር ጭብጨባዎ

ለተከበሩ የሰፈራችን ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለጋሼ፣
ባሉበት፣ ማለትም በኳስ ማሳያ ቤቱ የፊተኛው ወንበር ላይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉሮሮዎ፣ በተለይ በተለይ ደግሞ ለዓይንዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ ባሕር ማዶ ኳስ ሊጫወት የሄደው ልጅ ታናሽ እህት ነኝ፤ እርስዎ "አንቺ ምላሳም" እያሉ የሚጠሩኝ። ይህን ደብዳቤ በማሳያ ቤቱ በር ላይ፣ ከጨዋታ ፕሮግራሙ ጎን የለጠፍኩት በንቀት አይደለም፤ በአፌ ልናገር ስሞክር "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ብለው ስላስቀመጡኝ፣ በጽሑፍ ያቦካሁት ምናልባት ለምሳ ቢደርስ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ላመስግንዎት። ወንድሜ የሄደ ዕለት ሚኒባስ ተከራይተው እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝተውታል፤ ንግግርም አድርገዋል። ንግግሩ ረዘም በማለቱ ለእናቴ የተረፋት ጊዜ የልጇን አንድ ጉንጭ ለመሳም ብቻ የሚበቃ ሆነ። ሌላኛው ጉንጭ እስከ ዛሬ በእርስዎ ስም እንደተያዘ ነው።

ወደ ቅሬታዎቼ ስመለስ፦

አንደኛ፣ የእሁዱ ስልክ። ወንድሜ ቤት የሚደውለው እሁድ ከሰዓት ነው። እርስዎም ኮሚቴውን አስከትለው ሳሎናችንን ይሞላሉ፤ ስልኩን ላውድ አስደርገው ስብሰባውን ይከፍታሉ። "አንበሳው! ያቺን ኳስ እንዴት አድርገህ ነው የለጋሃት?" ይላሉ። ምክትልዎ ስለ አጨራረስ ይመክራሉ፤ ገንዘብ ያዡ ኳስ ስለማይገባቸው ስለ ብርዱ ይጠይቃሉ። ተራው እናቴ ጋ ሲደርስ እናንተ ትነሳላችሁ፤ እንግዳ ደግሞ ሳይሸኝ አይቀርም። "በልተሃል ወይ ልጄ?" የምትለውን ጥያቄዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች እስከ በር ትሸኛችኋለች፤ በር ላይ ሁለተኛው ንግግርዎ ይጀመራል፤ እስክትመለስ እሱ ልምምድ ይደርስበታል።

ሁለተኛው ትንሽ ከበድ ስለሚል ቢቀመጡ ይሻላል። ተቀምጠው ከሆነም ወንበሩን ያዝ ያድርጉት። ሙሉውን የውድድር ዘመን ያጨበጨቡለት አሥራ ሰባት ቁጥር ወንድሜ አይደለም።

አምና ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ከዚያ ጉልበቱን ተጎዳ። ለእኛ "ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው" አለን እንጂ ቀዶ ጥገና ነው ያደረገው፤ ሲነቃ አጠገቡ የነበረችው ቋንቋዋን የማያውቀው አንዲት ነርስ ነበረች። ክለቡም አሥራ ሰባት ቁጥርን ከሌላ አገር ለመጣ፣ እንደ እሱ ጥቁር፣ እንደ እሱ ራሱን ለተላጨ ልጅ ሰጠው። ለወንድሜ አርባ ሦስት ቁጥር ደረሰው፤ እስካሁን ሜዳ ረግጣ የማታውቅ ማልያ ናት። በጨዋታ ቀን ካፖርቱን ለብሶ ከተመልካች መሃል ይቀመጣል። እርስዎ ግን ለመላው ኮሚቴ አሥራ ሰባት ቁጥር የታተመበት ማልያ አሠርተው ስለነበር፣ ቁጥሩ ከታተመ ወዲያ ሰውየው ማንም ቢሆን ግድ አልሰጠዎትም። እናቴ ይወድቅብኛል ብላ ጨዋታ አታይም። የኮሜንታተሩ ድምፅ ደግሞ በእርስዎ ትንታኔ ስለሚዋጥ የሚጠራውን ስም የሰማ የለም። እኔ "ይሄ እኮ እሱ አይደለም፣ የኛ ልጅ ሲሮጥ ግራ ትከሻው ዘንበል ይላል" ብዬ ነበር። "ውጭ አገር ሄዶ ትከሻው ተቃንቶለት ነው! ዝም በይ!" አሉኝ። ለሕክምና ዕውቀትዎ ያለኝ አድናቆት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ "እሱስ ራሱ ለምን አልተናገረም?" እንደሚሉ አውቃለሁ። ሞክሯል። አንድ እሁድ "ጋሼ፣ እኔ እኮ..." ብሎ ሲጀምር "ይቺን ትሕትናህን ነው የምወድልህ!" ብለው አቋረጡት፤ ኮሚቴውም አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ሌላ ሰው ባገባው ጎል ሲመሰገን "አመሰግናለሁ ጋሼ" ማለት ለመደ። ለኔ ብቻ "የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ይከብዳል እንጂ" ብሎ ጻፈልኝ።

እናንተ ወጥታችሁ እናቴ ስትሸኛችሁ ስልኩን እንዳልዘጋው ይለምነኛል። "ምንም አታውሪኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና ሥራሽን ሥሪ" ይላል። የቧንቧውን ውኃ ይሰማል፣ የበሩን ሲጥ ማለት ይሰማል፣ እኔ ከሒሳብ የቤት ሥራ ጋር ስጨቃጨቅ ይሰማል። ከደጅ የሚመጣው የእርስዎ ንግግር እንኳ ደስ ይለዋል፤ ብቸኝነቱ የደረሰበትን ደረጃ ከዚህ ይገምቱ። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ወንበር አለ። ካፖርቱን ወንበሩ ላይ የሚሰቅለው እንግዳ የመጣ እንዲመስል ነው አለኝ።

አራተኛና ዋናው። ክለቡ ውሉን አላድስም ብሎታል። ውሉ ሊያልቅ ነው። "ታዲያ ና!" አልኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል ላቅርብልዎ፦ "አሥራ ሰባት ቁጥር እዚህ ጎል እያገባ እኔ እዚያ እንዴት እመጣለሁ? ጋሼን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?" ሌላ ከተማ ሄዶ፣ በቅጡ የማያውቀው ሰው ቤት፣ ሶፋ ላይ ለማደር ተስማምቷል። የኛ ሶፋ እንደሚያውቁት በኮሚቴ ተይዟል። በር በቁልፍ ሲዘጋ አይቻለሁ፣ በድንጋይ ሲደገፍም አይቻለሁ፤ በጭብጨባ ሲዘጋ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አምስተኛ የለኝም፤ ልመና ነው ያለኝ። እሁድ ይምጡ፤ ማልያውን ግን ቤትዎ ይተዉት። ላውዱን አጥፍተው፣ ስልኩን ጆሮዎ ላይ አድርገው "ልጄ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? በል ና ግባ" ይበሉት። እኔ ብለው ልጅ ነኝ፤ እናቴ ብትለው "እናት መቼም ና ማለቷ አይቀርም" ይላል። እርስዎ ካሉት ግን ይመጣል። ስልኩን ከዚያ ለእናቴ ይስጧትና እናንተን እኔ እሸኛችኋለሁ። ለእናቴም ትናንት ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ጎሉ ምንም አልጠየቀችኝም፤ "የትኛው ጉልበቱ ነው?" ብቻ አለች።

እሱም እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ "ጋሼን ግን እንዳታስቀይሚያቸው" ብሏል። የቻልኩትን ያህል ታዝዣለሁ።

ከላቀ አክብሮትና ከአክብሮቱ ትንሽ ከሚበልጥ ትዝብት ጋር፣
ምላሳሟ፣ የአርባ ሦስት ቁጥር እህት

ከደብዳቤው የቀረ፦ መነጽርዎ ከሶፋችን ሥር ተገኝቷል። አቧራው ሲታይ የጠፋው የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ነው። እሁድ ሲመጡ ይወስዱታል። ለአሥራ ሰባት ቁጥር ማጨብጨብዎን ግን እባክዎ አይተዉ፤ እሱም የአንዲት እናት ልጅ ነው፤ የሱ ሰፈር ኮሚቴም ይኼኔ ለሌላ ሰው እያጨበጨበ ይሆናል።