የሐቦባ ፉል

ረቡዕ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ካፉሪ

ደክሞኛል። ጠዋት ሐቡብ የሚሉት ዐውሎ ነፋስ ግቢው ላይ የደፋውን አቧራ እየጠረግኩ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። "ከእንግዲህ ረቡዕም ዓርብም አልጾምልህም" አልኩት። አገሬ ገብቼ እስካያት ድረስ እናቴን አቆይልኝ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት። መርዶዋ የደረሰኝ ተቀብራ ከሰነበተች በኋላ ነው።

ለምሠራበት ቤት ሰዎች ምሳ ካቀረብኩ በኋላ ከሥጋው ወጥ ለራሴ ጨልፌ ማድቤት ቁጭ አልኩ። ገና ሳልጎርስ የማዳም እናት፣ ሁላችን ሐቦባ (አያት) የምንላቸው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ገቡ። በአንድ እጃቸው ሳህን ፉል ይዘዋል።

"ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ እኮ ነው፣ ጾምሽ ነው" አሉኝ በዐረብኛቸው። "ይኼ ቅቤም አይብም የለውም፣ በሰሊጥ ዘይት ነው የሠራሁት። ሐዘን ቀኑን ያስረሳል፣ አውቃለሁ።"

አልረሳሁም ነበር። ትቼው ነው። ግን ይኼን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እኒህ ሴትዮ የራሳቸው ሶላት አንዲት አታልፋቸውም፤ የኔን ጾም ደግሞ ከኔ ብሰው ይጠብቁልኛል። አፈርኩ። ወጡን ወደ ድስቱ መለስኩና ፉሉን በላሁ። እስክጨርስ በርጩማው ላይ ተቀምጠው አዩኝ።

ንዴቴ አልበረደም። ቢሆንም ማታ ለጸሎት ቆምኩ። እንደ ልማዴ "እናቴን ጠብቅልኝ" ብዬ ስጀምር አፌ ላይ ቀረ።

ከዚያ "እሺ፣ ሐቦባን ጠብቅልኝ" አልኩት።