ስለ አረንጓዴው ደብተርና ስለ ቀይ እስክሪብቶዎ

በቤቴ ለሆነው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ለማደርግዎት፣ ለተከበሩ የአእምሮ ጤና ክሊኒካችን ዋና አማካሪ፣ ለሰባት ቁጥር ክፍል እመቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ ሙሉ፣ ምግብዎ የሚጥም፣ ድምፅዎም እንደ ወትሮው ዝግ ያለ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በደንብ ተኝቶ ካደረ ሰው በቀር ከማንም አይወጣምና። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ እርስዎ በሰጡን ደብተር ሦስተኛ ዓምድ ላይ በተጻፈው መልክ ነው፤ ሽቅብም አይደለሁም፣ ቁልቁልም አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ በአስተያየት መስጫው ሣጥን መክተት ሲገባኝ፣ በእጄ አራት ቅጂ ገልብጬ ሦስቱን በመጠበቂያ ክፍሉ፣ በመድኃኒት ማደያው መስኮት አጠገብና በጎልማሶች ትምህርት ቤታችን በር ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። የሣጥኑን ቁልፍ የሚይዙት እርስዎ ስለሆኑ ሥራ እንዳላበዛብዎ ብዬ ነው። ልጄም ስሟን እስካላነሣሁ ድረስ እንድለጥፍ ፈቅዳልኛለች። የአራተኛውን ቅጂ ነገር በመጨረሻ እነግርዎታለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች፦ እኔ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ነኝ፤ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ቁልፍ እተክላለሁ። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባይፖላር የሚባለው ሕመም አለባት፤ አንዳንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥታ፣ ሐሳቧ ከአንደበቷ ቀድሞ ሽቅብ ትወጣለች፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳምንታት ትተኛለች። ይኸው ሕመም እኔም ላይ አለ። ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለት ካርድ አለን። የእሷ በእርስዎ በሰባት ቁጥር ነው፤ የእኔ በሁለት ቁጥር፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ ማኅተም ከሚመቱት ሰውዬ ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የልጄ ሕመም በታወቀ ሰሞን፣ የእኔን እንዳልነግራት አጥብቀው መከሩኝ፤ ለልጅ ሸክም አይጨመርም አሉ። የተማረ ሰው ሲናገር እሽ ማለት ልማዴ ነውና መድኃኒቴን በቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ፣ ከነጮቹ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፎች ሥር ደበቅሁ። ስወርድ ራሴን አሞኛል እላታለሁ፤ ስወጣ ሥራ በዝቷል እላታለሁ። አለቃችንማ ስወጣ ነበር የሚወደኝ፤ በአንድ ቀን የሦስት ሰው ቁልፍ ስተክል እያየ ሌሎቹን ከእሷ ተማሩ ይላቸው ነበር። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን የምትከፍትላት የትኛዋ እናቷ እንደሆነች አታውቅም ነበር። እርስዎ ዘንድ ስትመጣ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ብቻ ናት የምትቀበላት። እንዴት የታደሉ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊደል አመሰግናለሁ። አረንጓዴውን ደብተር፣ ማለትም የልጄ እንቅልፍ፣ ስሜትና መድኃኒት በየቀኑ የሚመዘገብበትን፣ ጎረቤቴ ትሞላልኝ እንደነበር ሲያውቁ በሌላ ሰው እጅ የተሞላ አልቀበልም አሉኝ። እኔም በሃምሳ አራት ዓመቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶች ትምህርት ቤት ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ተቀምጬ ነው የተማርኩት። በሌላው ቀን ልጄ እጄን ይዛ ታጽፈኝ ነበር፤ ደህና በሆነች ቀን ትስቅብኛለች፣ ደህና ባልሆነች ቀን እስክሪብቶውን ትወረውረዋለች፣ ተነሥቼ አነሣዋለሁ።

በዚህ ድካም ያለ ማንም እርዳታ፣ ሳልንተባተብ ያነበብኳት የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነች ያውቃሉ? በደብተሩ ውስጥ ልጄ ለእርስዎ የምትጽፍበት «የግል ሐሳብ» የሚል ገጽ አለ። እዚያ ላይ «እርስዎ እናቴ ቢሆኑ ኖሮ ደህና እሆን ነበር» ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶዎ «ጎበዝ፣ ስሜትሽን በግልጽ አስቀምጠሻል» ብለው ጽፈው ኮከብ ሥለውበታል።

ቅናት ነው ቢሉኝ አልክድም። እርስዎ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ታጥባና ተበጥራ ያገኟታል፤ የቀረው መቶ ስድሳ ሰባት ሰዓት የእኔ ነው። ፀጉሯን እንደ እርስዎ ወደ ኋላ ማሰር ጀመረች። እንደ እርስዎ ያለ ግራጫ ሻርፕ ካልተገዛልኝ ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ገዛሁላት፣ አማረባት፣ እሱም አናደደኝ። በጠረጴዛዎ ላይ ባለው ፎቶ የሁለቱን ልጆችዎን ሳቅ እያየሁ፣ እነዚህ ልጆች እናታቸው ቁርስ ላይ ዝም ስትል ምን አጠፋን ብለው ፈርተው ያውቁ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ተብሰልስያለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብዳል፤ ከፊሉ የእኔ ነውና። እኔም ደብተር አለኝ፤ ሁለት ቁጥር ያሉት ሰውዬ ግን አንድም ቀን ገልጠውት አያውቁም። እኔም ጎበዝ መባል አማረኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቀይ ቀለም አማረኝ። ስለዚህ የራሴን ቀን በልጄ ደብተር የኋላ ገጾች ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ እርስዎ ሲያነቡት የማን እንደሆነ ያውቁታል፣ አንድ ቃል ይጽፉልኛል ብዬ። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ አልተኛሁም። ደህና ነኝ አልኳት፣ አመነችኝ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስድስት ገጽ ሞላሁ። ስሜን ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ደብተሩን ልጄ ከገለጠችው ደግሞ ለትምህርቴ እየተለማመድኩ ነው እላለሁ ብዬ ነበር።

እርስዎ ግን ባለሙያ ነዎትና፣ የተንጋደደውን ፊደሌን አይተው የልጅቷ እጅ ከመድኃኒቱ ብዛት ይንቀጠቀጣል ብለው ለሐኪሙ ነገሩ። ሐኪሙም እርስዎን አምኖ መድኃኒቷን ቀነሰ። አንድ ገጽ ወደ ፊት ገልጠው ቢያዩ ኖሮ በየቀኑ በምሞላቸው ዓምዶች ላይ ይህንኑ የእኔን ፊደል፣ በግል ሐሳቡ ገጽ ደግሞ የታተመ የሚመስል የልጄን የእጅ ጽሑፍ ያገኙ ነበር። እስቲ እጅሽን ዘርጊ ያላት ሰውም አልነበረም። መድኃኒቷ መቀነሱን የሰማሁት ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ጫማዋን አውቶቡስ ለምትጠብቅ ለማታውቃት ሴት አውልቃ ሰጠች። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ በባዶ እግሯ መንገድ መሐል ቆማ፣ ግራጫ ሻርፕዎን የሚመስለውን ሻርፗን እያውለበለበች መኪና ስታስተላልፍ አገኘኋት። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች።

አራተኛ፣ ስለ ስብሰባው አመሰግናለሁ። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሐኪሙና እርስዎ፣ በዚህ በኩል ልጄና እኔ ተቀምጠን፣ እነዚያን ስድስት ገጾች በዚያ ጣፋጭ ድምፅዎ አነበቧቸው። የልጅቷ ሁኔታ ይህ ሆኖ ሳለ እናትየው ልብ አላለችም፣ ስለዚህ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ማገገሚያ ቤት ትኑር ብለው ሐሳብ አቀረቡ። የራሴን ሌት ተቀን በእርስዎ አፍ ሰማሁት፤ እንዴት አሳምረው እንዳነበቡት። መናገር ነበረብኝ። አትንገሪያት ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ያፈርኩት ግን ራሴው ነኝ። ልጄን ሊወስዷት ነው፣ እኔም ዝም ብያለሁ።

ልጄ እጇን ዘርግታ ደብተሩን ከፊትዎ አነሣችው። ሁለት ገጽ ገለጠች።

«ይሄ የእኔ ጽሑፍ አይደለም። የእማዬ ነው፤ እጇን ይዤ ያጻፍኳት እኔ ነኝ። መስመሩ ሁሌ ወደ ታች ይወርድባታል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም አለብሽ እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እኔ እኮ አራት ዓመት ሙሉ የጠላሽኝ ነበር የሚመስለኝ» አለች።

እርስዎ የመረጃ ክፍተት ተፈጥሯል አሉና ፋይሉን ዘጉ። ያ ክፍተት እኔ ነኝ፤ ከተፈጠርኩ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ግን የልጄን እጅ አስዘርግቶ አየ፤ ከዚያም የእኔን እንድዘረጋ ጠየቀኝ። መድኃኒቷ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ልጄም ከእኔ ጋር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሁሉንም በእርስዎ ላይ ጭኜ አልጨርስም። አንዲት የቀይ ቀለም ቃል ፈልጌ ልጄን ሆስፒታል አስተኝቻለሁ፤ ይህን በራሴ ደብተር ላይ በራሴ እጅ፣ ስሜን ጨምሬ ጽፌዋለሁ። እርስዎም የእርስዎን ድርሻ የሚጽፉበት ደብተር ካጡ፣ እኔ ዘንድ ባዶ ገጽ አለ።

ልጄ አሁንም በየሳምንቱ ወደ እርስዎ ትመጣለች። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ተሳስተው ነው ትላለች። ፀጉሯን ወደ ኋላ የማስርላት እኔ ነኝ፤ አስሬ እልክልዎታለሁ፤ እስክትመለስ ድረስም በመስኮት እያየሁ እቃጠላለሁ። ይህን የሚያስቀር መድኃኒት በሁለት ቁጥርም በሰባት ቁጥርም እንደሌለ ጠይቄ ተረድቻለሁ።

ለእርስዎ፣ ለማይናወጠው ወንበርዎና በፎቶው ውስጥ ለሚስቁት ልጆችዎ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፤

ቁልፍ ተካይዋ፣ የሁለት ቁጥር ታካሚ፣ የዚያች ልጅ እናት።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በስብሰባው ዕለት ቀይ እስክሪብቶዎን በደብተሩ ውስጥ ረስተውታል። ይመለስልኝ እንዳይሉ፤ ሥራ ላይ ነው። ደብተሬን አሁን የምታየው ልጄ ናት። ትናንት «ቁልቁል፣ ግን ቁርስ ሠርቻለሁ» ብዬ ለጻፍኩት ከሥሩ «ጎበዝ» ብላልኛለች፤ ኮከብ ግን ገና አልደረሰሽም ብላ ከልክላኛለች። አራተኛው ቅጂ በድርጅታችን በር ላይ ተለጥፏል፤ ጥሩ ሠራተኛ የሆንኩባቸው ቀናት ምን እንደነበሩ አለቃችንም ይወቅ ብዬ። የቁልፍ ቆርቆሮዬ ውስጥ አሁን ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ የመድኃኒት ጠርሙሶች በምግብ ጠረጴዛችን ላይ፣ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከእንግዲህ ታምሜ ሳለ ለልጄ ደህና ነኝ አልላትም።