የቸርኬ ሽምግልና

ተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ጅቡቲ ለሚገኘው ለይሄይስ፤

«ለምወድህ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ነበር። ትናንት ሽማግሌዎችህ ከቤት ከወጡ በኋላ ግን ቃሉ ብዕሬ ላይ አልመጣ አለኝ። ስለዚህ ጤናህን ብቻ ልጠይቅ። እንዴት ነህ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። «እኛ» ስል እኔንና እናትህን ማለቴ ነው። ከላክኸው መልእክት እንደተረዳሁት፣ እዚህ ቤት ትተኸው የሄድከው አራት ቸርኬ ብቻ ይመስልሃል።

ንዴቴን በቅደም ተከተል ነው የምጽፈው። የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሴት፣ የራሴን ቁጣ ያለ አንቀጽ ብዘረግፈው ማተሚያ ቤቶቹ ይስቁብኛል።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ዘውገ ደወሉልኝ። «ሰብለዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከሁለት ሰዎች ጋር ብቅ እንላለን። ይሄይስ ልኮን ነው» አሉኝ። ጋሽ ዘውገን ታውቃቸዋለህ፤ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጡ የጭነት መኪኖች ያሏቸው፣ በሰርጋችን ቀን ያንተ ሽማግሌ የነበሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሲላክ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ መርካቶ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። መኪናዋን ሳታማክረኝ ገዝተህ፣ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቀን፣ በመጋቢት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውረህ ሳትሰናበተኝ ከወጣህ ወዲህ ከአንተ ወደ እኔ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ዘውገ ናቸው። ምን ይመስለኝ?

ከጎረቤት ወንበር ተዋስኩ። ለስላሳ አስመጣሁ። እናትህ አልጋ ላይ ሆነው «ያን ነጠላ አምጪው፣ ጥለቱ ሰፊ የሆነውን» አሉኝ። ፀጉሬን የታጠብኩት ቅዳሜ የፀጉር ቀኔ ስለሆነ ነው። ሰማያዊውን ቀሚስ የለበስኩትም ሌላው ስላልደረቀ ነው።

መጡ። ስለ ብርዱ ተወራ፣ ስለ ጤፍ ተወራ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ ተወራ፣ በቅርቡ ስላረፉ ሰዎችም ተራ በተራ «ነፍስ ይማር» ተባለ። ከዚያ ጋሽ ዘውገ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቼም አብሮ ሲኖር እግርና እግርም ይጋጫል» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ደንቡ ነው።

«ይሄይስ በጣም አዝኗል።»

የቀሚሴን ጫፍ አስተካከልኩ።

«እንቅልፍ አጥቷል።»

እናትህ ከጎኔ ሆነው እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

«እናም» አሉ ጋሽ ዘውገ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ «የመኪናዋን ቸርኬ ለምን እንዳወለቅሽው ማወቅ ይፈልጋል።»

ይሄይስ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ መጥፎ አረፍተ ነገር አንብቤያለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተበላሸ አረፍተ ነገር አያናድድም፤ አንባቢው ቀድሞ ይዘጋጃል። የሚያናድደው በደህና ጀምሮ መጨረሻው ላይ ገደል የሚገባው ነው።

ለካስ ሥራ ፈት የመኪና ወዳጆች አውቶቡስ ተራ አጠገብ የቆመችውን መኪናችንን ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ለጥፈዋታል። ለካስ አንተ አይተሃታል። አንደኛው ሽማግሌ ስልካቸውን አውጥተው ድምፅህን አሰሙን፦ «አስራ ስምንት ኢንች የነበረውን ቸርኬ አስራ ስድስት አድርጋ የመኪናዋን ክብር ገፈፈች!» ስትል። ሚስትህን ሳትሰናበት ስትሄድ ክብር የሚባል ነገር አላሳሰበህም። የብረት ክብር ሲነካ ግን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ባርኔጣ አድርገው ተላኩ።

አሁን መልሴን ስማ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው የምደግምልህ።

እናትህ በሐምሌ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አዳልጧቸው መውደቃቸውን ታውቃለህ። የወገባቸው ዲስክ መንሸራተቱንም ታውቃለህ። የማታውቀው መንገዱን ነው። ማክሰኞና ዓርብ ለወገባቸው ሕክምና ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ፤ መንገዱ ደግሞ አንዱን ወገን ቆፍረውት፣ ሌላውን ወገን ሊቆፍሩት ምልክት አድርገውበታል። በዚህ ላይ ስፖርት መኪና ለመሆን የምትንጠራራው አጭሯ ቀይ መኪናህ ያደረገችው ጎማ ጎን የለውም። ጎማ ማለትም ይከብደኛል፤ ቸርኬው ዳር ላይ የተቀባ ጥቁር ቀለም ነበር። ጉድጓዱ ቸርኬውን ይመታል፣ ቸርኬው ሞላውን፣ ሞላው ወንበሩን፣ ወንበሩ የእናትህን ወገብ። እሳቸውም በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ታቦት ይጠራሉ። ሆስፒታል በር ስንደርስ ያልተጠራ ታቦት አይኖርም። መስከረም ላይ «ከዚህስ ቤቴ ብሞት ይሻለኛል» ብለው መሄዱን ተዉት። ሕክምናው ቀረ። ይሄንን ለአንተ እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር፤ ትናንት ግን ራሳቸው «አሁን ጻፊለት» ብለዋል።

ሁለቱ ጎማዎች ደግሞ አከታትለው ፈነዱ። እንዲያው ለአንድ ነገር ይጠቅሙ እንደሆን ብዬ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚቆርጠው ሰውዬ ጋ ወሰድኳቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ጎን የለውም። ማሰሪያውን ከየት ልቁረጠው?» ብሎ መለሰልኝ። የአንተ ጎማ ለመኪናም፣ ለእግርም አልሆነም።

ስለዚህ እናትህን ፊት ወንበር አስቀምጬ፣ ከኋላቸው ትራስ ደግፌ፣ ሶማሌ ተራ ሙደሲር የሚባል ጎማና ቸርኬ ሻጭ ጋ ሄድኩ። ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። አየኝ፣ መኪናዋን አየ፣ እንደገና አየኝ።

«እትዬ፣ እንዳትሳሳቺ። ሰው ከአስራ አምስት ወደ አስራ ስምንት ይወጣል እንጂ፣ ከአስራ ስምንት የሚወርድ አለ እንዴ?»

«አለ። እኔ።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«ባሌ ጅቡቲ ነው።»

«ጅቡቲም እኮ ስልክ አለ።»

ቡሎን ሊገዛ የመጣ ሰው ከኋላ ሆኖ «ተዋት ባክህ! ታኮ ጫማዋን አስወልቃ ኮንጎ ልታደርግላት ነው!» አለ። ሱቁ ሳቀ። እናትህ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «አንተ! በታኮ ጫማ ጉድጓድ ውስጥ ሮጠህ ታውቃለህ?» አሉት። ሱቁ የባሰ ሳቀ፤ ሰውዬውም አብሮ ሳቀ፤ ሙደሲር ግን ወደ ሥራው ገባ።

አንድ ነገር ላመስግንህ፤ እልህ አስይዘኸኝ ስለ ጎማ ብዙ አነበብኩ። ብረቱ ሲቀንስ ላስቲኩ ይጨምራል፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከድሮው ጋር እኩል ከሆነ መኪናዋ ዝቅ አትልም፣ የፍጥነት ቆጣሪዋም አይዋሽም። መጀመሪያ አስራ አምስቱን ሞከርን። ከኋላ ገባ። ከፊት ግን መኪናዋ ትልቅ ፍሬን ስላላት የፍሬኑ መያዣ ከቸርኬው ውስጥ ጋር ተጋጭቶ አላዞር አለ። ሙደሲር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ችግር የለም፣ ፍሬኑን ትንሽ በሞረድ ብንነካው ይገባል።»

ፍሬኑን! በሞረድ!

«ስማ» አልኩት፣ «ቁመቱ በበሩ አላስገባ ላለው ሰው በሩን ታሰፋለታለህ እንጂ ጭንቅላቱን ትቆርጣለህ?»

«እሺ እትዬ፣ አትቆጪ፣ ቀልዴን ነው» አለ። ቀልዱን አልነበረም፤ ሞረዱን ይዞ ነበር። ከዚያ ከጀርባ ቆፍሮ ባለ አስራ ስድስት ኢንች አመጣ። የቡሎኑ ቀዳዳ ልክ፣ የመሐሉ ክብ ልክ፣ ፍሬኑም በውስጡ ያለ ጭቅጭቅ ዞረ። ጎማው ጠበብ፣ ጎኑ ደግሞ ወፈር ያለ ነው። ወንጀሌ ይኸው ነው፦ ከብረቱ ቀንሼ ላስቲክ ጨመርኩ።

እውነቱን አልደብቅህም፣ ኩርባ ላይ እንደ ድሮው ቆንጠጥ አትልም። ትንሽ ጋደል ትላለች። ግን እስቲ ንገረኝ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ነው የምበረው? ዓርብ ከሶላት በኋላ በአንዋር መስጊድ በኩል ያለፈ ሰው ፍጥነት ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔን የሚቀድመኝ ፍራሽ የተሸከመ ኩሊ ነው፤ እሱም ዞር ብሎ «እትዬ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» ይለኛል። ክብሯ ተገፈፈ ያልካት መኪና ከዚያ በፊትም ክብሯን የምታሳይበት ቦታ አልነበራትም።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ፣ ግማሽ መንገድ ላይ እናትህ ፀጥ አሉብኝ። ደነገጥኩ። ዞር ብዬ ሳያቸው አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ጉድጓዱ እኮ እዚያው ነበር፤ የተጠራ ታቦት ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሕክምና አልቀሩም። ትናንት ለሽማግሌዎቹ በራሳቸው እግር ከመኝታ ቤት ወጥተው ነው ሰላምታ የሰጡት።

ይሄን ሁሉ ስናገር ሽማግሌዎችህ ወለሉን ያዩ ነበር። እናትህ ግን ጊዜያቸውን ወስደው ነጠላቸውን አስተካከሉና ጠየቁ፦

«ዘውገ፣ ልጄ ስለ ወገቤ ምን አለህ?»

«ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

«ስለ ቸርኬውስ?»

ጋሽ ዘውገ ባርኔጣቸውን አዙረው ያዙ። «እሱ... ትንሽ ረዘም ያለ ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ ለስላሳው ትን አላቸው።

«እንግዲያው ንገረው» አሉ እናትህ። «መኪናዋ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እሷ ክብሯ ተገፈፈ ይላል? እኔ እንደ ጤፍ ስነፋ ክብር ነበረኝ? ብረት ከሚያስጨንቀው፣ አምጬ የወለድኩት እኔ ላስጨንቀው።»

ሊሄዱ ሲነሱ ጋሽ ዘውገ፣ ትእዛዝ ስለሆነባቸው ነው መሰለኝ፣ «አሮጌዎቹን ቸርኬዎች በመኪናችን እንውሰድለት ወይ?» አሉ። ሽማግሌ ዕርቅ ይዞ ይሄዳል እንጂ ቸርኬ ተሸክሞ አይሄድም ብዬ እንቢ አልኩ። አልሸጥኳቸውም፤ አትደንግጥ። ሙደሲር «ሽጪልኝ፣ ሽጪልኝ» እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። አጥቤ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋው ሥር፣ በአንተ በኩል አስቀምጫቸዋለሁ። ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።

በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ዘውገ ወደ ኋላ ቀሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ እኮ፣ ‹ሰብለ እንዴት ናት? ከፍቷት እንደሆነ እዩልኝ› ብሎኛል» አሉኝ።

ይሄይስ፣ እኔ አራሚ ነኝ። ከሌላ እጅ የገባ አረፍተ ነገር ከሩቅ ይሸተኛል። «ከፍቷት» የአንተ ቃል አይደለም፤ አንተ «አኩርፋለች?» ነው የምትለው። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲል ይዋሻል፣ ይፈቀድለታልም። ሌሎቹ ሁለቱ ያን ጊዜ አንድ ላይ ጫማቸውን ማየት መጀመራቸውም አላመለጠኝም። ለሌላ ሰው ጽሑፍ ቢሆን በቀይ ሠርዤ እመልሰው ነበር። ለጋሽ ዘውገ ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ናት በሉት» ብዬ በሩን ከፈትኩላቸው። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ያሳለፍኩት አረፍተ ነገር እሱ ነው፤ ሌሊቱንም ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እንደ እሑድ ልማድህ ለእናትህ ደወልክ። ስልኩን አነሳሁ። «እማዬን አቅርቢልኝ» አልክ፣ አቀረብኩልህ። ስለ ሽማግሌዎቹም፣ ስለ ቸርኬውም፣ ስለ ምንም አላነሳህም። ይሄን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። በስልክ የማይነገረውን በሰው የምትልክ ከሆነ፣ እኔም በጋሽ ዘውገ ሾፌር እልክልሃለሁ።

እናትህ ከአልጋቸው ሆነው «ከክፉ ይሰውርህ፣ የሰው አገር አይክበድህ፣ ጨው የበዛበት አትብላ» ይሉሃል። ምርቃቱን እንዳለ ነው የጻፍኩት፤ የእኔ እጅ የለበትም።

እኔ ደግሞ ይሄን እላለሁ። ስለ መኪናዋ የሚጨመር ነገር የለም፤ አስራ ስድስት ናት፣ አስራ ስድስት ትሆናለች። ጋሽ ዘውገ በር ላይ ያሉት ግን ያንተ ከሆነ፣ ወይም ያንተ ባይሆንም ያንተ እንዲሆን ከፈለግህ፣ ሽማግሌ አያስፈልገውም። በሚመጣው እሑድ ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ። ለእናትህ ከማቀበሌ በፊት ትንሽ እቆያለሁ።

ሰላም ሁን።

ሰብለ ወንጌል