የእግሬን ጉዳይ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ስለ መሩልኝ

ለክቡር መሐንዲስ ደምለው፣
የሊማሊሞ መንገድ ጥገና ሥራ አስኪያጅ፣
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከተኛሁበት መደብ ላይ ሆኜ አቀርባለሁ። ተነሥቼ እጅ ብነሣ ደስ ባለኝ፤ ግራ እግሬ ግን መነሣት ትቷል። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና መኪናዎ ደኅና ናችሁ? ደብዳቤውን በእጅዎ ባደርስ ወግ ነበር፤ ቢሮዎ ደረጃ ስላለው በአደባባይ መጻፉን መረጥሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ ያርጋል ፀጋው እባላለሁ፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሊማሊሞ ላይ ናዳ ስንጠርግ ቋጥኝ የተንከባለለበት ሠራተኛዎ ነኝ። በዓሉን አክብረን እንዋል ብለን ብንለምን፣ መንገድ በዓል አያውቅም፣ ዛሬ የቀረ ነገም እንዳይመጣ ብለው ያዘዙን እርስዎ ራስዎ ስለነበሩ ቀኑን ይዘነጉታል ብዬ አልሰጋም። የማመሰግንዎ ነገር ብዙ ነውና በተራ ላቅርበው።

፩ኛ. ስለ ሕክምናዬ። ወደ ጎንደር የሚያደርሰኝ መኪና ባስለምን፣ መኪናው የሚታዘዘው በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት እንደሆነ፣ የእኔ ግን በዓል ሽሮ የሠራ ሰው መቅሠፍት ስለሆነ ጠበል እንደሚበቃኝ በጸሐፊዎ በኩል አስታወቁኝ። እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ሰው ታቦት ይህን ያህል የሚፈራ መሆኑን ባለማወቄ አዝናለሁ፤ ያን ዕለት ጧት ቢነግሩን ኖሮ አብረን በፈራን ነበር። ጠበሉን ተጠመቅሁ፣ ትኩሳቴም በረደልኝ። ወጌሻም አሰረኝ፤ ነገር ግን እኔ ወደ ዳባት ስራመድ እግሬ ወደ አዲ አርቃይ እያየ ገጠመ። አሁን ቁስሉ አመርቅዟል፤ ያየኝ ሐኪም ጎንደር ሄጄ ቶሎ ካልታከምሁ እንደሚቆረጥ ነግሮኛል። ይህን ስሰማ ፈራሁ፤ አልደብቅዎትም። ማሳዬ ዳገት ነው፣ በአንድ እግር አይታረስም።

፪ኛ. ስለ ሕግ ምክርዎ። የድርጅቱ የሕግ ሰው ክርክሬ ከታቦቱ ጋር ስለሆነ ከንስሐ አባቴ ጋር እንድጨርስ መክረውኛል። ታዝዤ ለአባ ወልደ ሩፋኤል ተናዘዝሁ። እሳቸውም ጺማቸውን እየዳሰሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ በዓል ከሚሽረው ይልቅ የሚያሽረው ይብሳል፤ ደግሞስ ጠበል ከሐኪም ቤት አይከለክልም፣ ማን ነው እንዲህ ያለው አሉኝ። ስምዎን ነገርኋቸው። ለእኔ የተወሰነልኝ ስግደት በዚህ እግር ስለማይሆን የእርስዎ ድርሻ ላይ እንዲደመር ፈቅደዋል፤ ሲመችዎ ብቅ ይበሉ።

፫ኛ. ስለ ጫማው። ስንጠይቅ የከረምነው ብረት አፍንጫ የደኅንነት ጫማ፣ እግሬ ከተሰበረ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። የቀኙ ልኬ ነው። በግራው ባለቤቴ የሺወርቅ ዶሮ አስታቅፋበታለች፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አስታውቅዎታለሁ።

እንግዲህ ከቸርነትዎ የቀረኝ ልመና አጭር ነው። እግሬ ሳይቆረጥ ጎንደር የሚያደርሰኝ መኪና ይዘዙልኝ፤ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱንም ይመስክሩልኝ።

ቅዱስ ሚካኤል ከናዳ፣ ከመቅሠፍትና እንደ እርስዎ ካለ አለቃ ይጠብቅዎ እያልሁ፣ በቀረው እግሩ ቆሞ መልስዎን የሚጠብቅ ታዛዥዎ፣

ያርጋል ፀጋው
ጥር ፳፻፬ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ጉዳዩ ለተመራለት ለቅዱስ ሚካኤል

ሳልረሳው፦ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ከቢሮዎ ደረጃ ሲወርዱ ቁርጭምጭሚትዎ በመዞሩ ከልቤ አዝኛለሁ። ያ መኪና ወዲያው ጎንደር አድርሶዎታል አሉ፤ መንገዱን ማወቁ ደስ አሰኝቶኛል። ጸሐፊዎም ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ሥራ አስኪያጃችን በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶባቸዋልና ጸልዩላቸው ብሏል። ጸልየናል። በነፃ የቆመችልኝ ጠበቃ ወይዘሪት ፍቅርአዲስ፣ ይህን የሰሙ ሠራተኞች እንዲመሰክሩ ለፍርድ ቤት አስመዝግባቸዋለች። ቀጠሯችን የዋለው በማርያም ዕለት ነው፤ በዓል ነው ብለው እንዳይቀሩ፣ ችሎትም በዓል አያውቅም።